ፍልሰታ በውቅያኖስ ዳር

በአሜሪካ የሚኖረው ወገናችን ረጅም መንገድ የሚነዳባቸው ምክንያቶች የታወቁ ናቸው፤ ወይ ሠርግ ነው፣ ወይ ክርስትና ነው፣ ወይ ለቅሶ ነው፣ ይህም ካልሆነ በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1984 ጀምሮ ከተማ እየለዋወጠ በየዓመቱ የሚያሰናዳው የኳስ በዓል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።) ከነዚህ በቀር፣ ዘመድ በሌለበትና ማንም በማይጠብቀው ስፍራ፣ ድንኳን ጭኖ ከማያውቀው ዛፍ ሥር ለማደር ቤተሰቡን አስከትሎ የሚወጣ እምብዛም አይገኝም፤ ቢገኝም ወዳጆቹ «ምን ነካው?» ማለታቸው አይቀርም።

ይሁን እንጂ እኛ ከምንኖርባት ከሲያትል ከተማ በስተ ምዕራብ፣ ቁጥሩ 101 የተባለ አውራ ጎዳና የዋሺንግተንን፣ የኦሬጎንንና የካሊፎርኒያን ጠረፍ ተከትሎ፣ አንድ ጊዜ ወደ ጥቅጥቅ ደን እየገባ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በገደል አፋፍ ከውቅያኖሱ ጋር ፊት ለፊት እየተያየ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ይህን ጎዳና ተከትዬ ወደ ኦክላንድ ልጆቼን ይዤ ለመውረድ ከቆረጥሁ በኋላ፣ ጊዜው በነሐሴ መግቢያ ሆኖ ከጾመ ፍልሰታ ጋር ተገጣጠመ፤ ደብረ ታቦር አካባቢ ተወልደው ያደጉት የባለቤቴ እናትም፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ በዚያው ክረምት ሊጠይቁን መጥተው ነበርና፣ ድንኳኑ ያልተቀደደ መሆኑን ለማየት በግቢው ሣር ላይ ስተክለው ከደጅ ብቅ ብለው ቢመለከቱ፣ ምንም ሳይጠይቁ ወደ ውስጥ ተመልሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡና «ማን ሞተ?» አሉኝ።

በእርሳቸው መፍረድ አይቻልም። በአገራችን ድንኳን የሚተከለው ለንጉሥ ነው፣ ለሙሽራ ነው፣ ለሐዘንተኛ ነው፤ ሜዳ ላይ ማደርም የእረኛ፣ የወታደርና የሲራራ ነጋዴ ዕጣ ሆኖ የኖረ እንጂ፣ ደኅና ቤትና አልጋ ያለው ሰው ወድዶ የሚገባበት ነገር አልነበረም። የድንኳኑ ቦታ በየሌሊቱ ኪራይ እንዳለበት ስነግራቸውማ መደነቃቸው ባሰ። «ቤት እያላችሁ? ደግሞም ከፍላችሁ?» ብለው ጥቂት ካሰቡ በኋላ ግን፣ የማይለወጥ ነገር መሆኑን ሲረዱ፣ ለመንገድ የሚሆነውን ማሰናዳት የጀመሩት ከሁላችንም ቀድመው እርሳቸው ነበሩ። በሶው፣ ቆሎው፣ ዳቦ ቆሎው፣ የሽሮው ዱቄት በየከረጢቱ ታሰረ፤ እኛ ከመደብር ገዝተን ካከማቸነው ሁሉ ይልቅ፣ አባቶቻችን ለዘመቻና ለንግድ ሲወጡ በአገልግል የያዙት ያ ስንቅ እንደ ዱሮው ለመንገድ የተገባ ሆኖ ተገኘ፤ አይበላሽም፣ ነዳጅ አይሻም፣ ለጾምም ይሆናል።

በመጀመሪያ ያረፍነው በኦሊምፒክ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ይህ ፓርክ በ1938 በፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ዘመን የተቋቋመ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ሆህ የተባለው ሸለቆ በዓመት ወደ 3 ሜትር ተኩል፣ ማለትም የአዲስ አበባን ሦስት እጅ የሚያህል ዝናብ ይወርድበታል። ከዚህም የተነሣ ስፕሩስና ሄምሎክ የተባሉት ዛፎች ከመጠን በላይ ያድጋሉ፤ ቅርንጫፎቻቸውም የዛፍ ሽበት ስለ ለበሱ፣ ብርሃኑ ራሱ አረንጓዴ ሆኖ ወደ ምድር የሚወርድ ይመስላል። እኔን እጅግ ያስደነቀኝ የቆሙት ሳይሆኑ የወደቁት ናቸው። በዚያ ደን መሬቱ በቅጠላ ቅጠል የተያዘ ስለ ሆነ፣ ዘር ወድቆ ሥር የሚሰድበት ቦታ አያገኝም፤ ነገር ግን አንድ አሮጌ ግንድ በወደቀ ጊዜ፣ በጀርባው ላይ ችግኞች ይበቅሉና ሥራቸውን በጎንና በጎኑ ወደ ምድር ያወርዳሉ፤ ከብዙ ዘመንም በኋላ ግንዱ በስብሶ ፈጽሞ ሲጠፋ፣ በርሱ ላይ ያደጉት ዛፎች በአንድ መስመር እንደ ተሰለፉ ይቀራሉ። መካሪ ሳይኖራቸው እንዲህ ቀጥ ብለው የተሰለፉትን ዐምዶች ያየ ሰው፣ ከሥራቸው ተኝቶ የነበረውን አባት በዐይነ ኅሊናው ሊያየው ይችላል።

ከደኑ ወጥተን ካላሎክ በተባለው ስፍራ፣ ከባሕሩ በላይ ባለው አፋፍ ድንኳናችንን ተከልን። እማማ በሕይወታቸው ያዩት ትልቅ ውኃ ጣና ነበርና፣ ወደ ዳር ወርደው ማዕበሉን በአንክሮ ሲመለከቱ ቆዩ፤ ከዚያም ጐንበስ ብለው ጣታቸውን ነክረው ቀመሱና «ይህን ሁሉ አሞሌ ከብቱ ባገኘው!» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በማለዳ፣ ጉሙ ሳይገፈፍ፣ ባሕር ከተፋው ታላቅ ግንድ ላይ ተቀምጠው ውዳሴ ማርያም መድገም ልማዳቸው ሆነ፤ ቅዳሴ የሚሰማበት ቤተ ክርስቲያን በአጠገባችን አልነበረምና፣ የዕለቱን ጸሎት ያደረሱት በማዕበሉ ድምፅ መካከል ነው።

ስለ ኮሎምቢያ ወንዝ አፍ ብዙ አልጽፍም። በ1966 የተከፈተውና 6 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል የሚረዝመው የአስቶሪያ ድልድይ ያሻግራል፤ ልጆቹም ትንፋሻቸውን ይዘው ለመሻገር ተወራርደው ገና ከሩብ ሳይደርሱ ተሸነፉ።

ወደ ኦሬጎን ከገባን በኋላ ግን የምጽፈው አለኝ፤ ምክንያቱም በዚህ አገር ጠረፍ ሲጓዙ አንድ የጎደለ ነገር መኖሩ ቀስ በቀስ ይታወቃል፤ አጥር የለም። በሌላው ዓለም የባሕር ዳርቻ ሲባል፣ የባለ ሆቴሉ ዣንጥላ፣ የባለ ቪላው ግንብና «መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ አብሮ ይታሰባል፤ በኦሬጎን ግን ከሰሜን ወሰን እስከ ደቡብ ወሰን፣ 580 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ጠረፍ፣ ሀብታሙም ድኻውም በአሸዋው ላይ እኩል ይመላለሳል። ይህ ነገር ከባሕሩ ጋር የተፈጠረ ሳይሆን ሰው አስቦ ያደረገው ነው። በ1913 የግዛቱ ገዥ የነበረው ኦስዋልድ ዌስት፣ ዳርቻው እየተቆራረሰ ለግለሰቦች መሸጥ መጀመሩን አይቶ፣ የሕግ አውጪዎቹን ጉባኤ በግልጽ «ለሕዝብ ይሁን» ብሎ ቢጠይቅ እንደማይሰሙት ስለ ተረዳ፣ ሌላ መንገድ ፈለገ፤ ይኸውም ከኮሎምቢያ ወንዝ እስከ ካሊፎርኒያ ወሰን ያለው እርጥብ አሸዋ የሕዝብ አውራ ጎዳና ነው የሚል አጭር ሕግ አስወጣ። በዚያን ዘመን በጠረፉ ሌላ ደኅና መንገድ ስላልነበረ፣ ሠረገላዎች በእውነትም ባሕሩ በጎደለ ሰዓት በአሸዋው ላይ ይነዱ ነበርና፣ ሕጉን የሚቃወም ሰው የመንገድ ጠላት መባሉ ነው። ይህን ዐይነት ብልሃት የሊቃውንቱ የቅኔ ጉባኤ ቢሰማው «ይበል!» የሚለው ይመስለኛል፤ ሰሙ መንገድ፣ ወርቁ ርስት ነውና።

ሕጉ ግን እርጥቡን አሸዋ እንጂ ደረቁን አልጠቀሰም። በ1966 ካነን ቢች በተባለችው ከተማ፣ ሃይስታክ የሚባለው 72 ሜትር ከፍታ ያለው ዐለት ከባሕር ውስጥ ቀጥ ብሎ በሚታይበት ስፍራ፣ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ደረቁን አሸዋ ከልሎ ለደንበኞቹ ብቻ ቢያደርገው ክርክር ተነሣ፤ ቶም ማኮል የተባለው ገዥም በ1967 የመሬት ቀያሾችና ጋዜጠኞች አስከትሎ በሄሊኮፕተር አሸዋው ላይ ወረደና፣ የሕዝብ ወሰን እስከየት መድረስ እንዳለበት በአደባባይ አሳየ። በዚያው ክረምት ደረቁንም አሸዋ ለሕዝብ ክፍት የሚያደርግ ሕግ ጸደቀ። የእንግዳ ማረፊያው ጉዳይ እስከ ኦሬጎን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1969 ሲወሰን ደግሞ፣ ዳኞቹ የተመረኰዙት በልማድ ላይ ነው፤ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ፣ ማንም ሳይከለክለው፣ ሳያቋርጥ ሲጠቀምበት የኖረው አሸዋ በልማድ የሕዝብ ነው አሉ። የወል ግጦሽ፣ የወል ውኃና የወል መንገድ በሽማግሌ ቃል ሲጠበቅበት ከኖረ አገር ለመጣ ሰው ይህ ፍርድ እንግዳ አይሆንበትም፤ እንግዳ የሚሆንበት፣ በዚህ ሁሉ የግል ንብረት አጥር በታጠረ አገር ውስጥ መሰጠቱ ነው።

ኒውፖርት ስንደርስ ታናሹ ልጄ በወደቡ ሰዎች ሸርጣን ሲያጠምዱ አይቶ፣ ካልበላሁ አለ። እናቱ ጾም መሆኑን ብታስታውሰው፣ ሸርጣን ሥጋ አይደለም፣ ዓሣም አይደለም፣ እንግዲህ በየትኛው ሕግ ይከለከላል ብሎ ሙግት ገጠማት። እማማ ከወዲያ ሆነው «በጾምም በፍስክም አይሆንም፤ ክንፍና ቅርፊት የለውም» ብለው ፋይሉን ዘጉት። ልጁም ለማረጋገጥ ሸርጣን ወዳለበት የመስተዋት ሣጥን ተጠግቶ ሸርጣኑን ከሁሉም ወገን ሲመረምር ቆየ።

በመንገዱ ዳር ዳር፣ ከማዕበል የሚሸሽ ሰው ሥዕል ያለባቸው ሰማያዊ ምልክቶች ተተክለዋል፤ ሱናሚ የሚደርስበትን ወሰን ያመለክታሉ። ምልክቶቹ የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ከካሊፎርኒያ ወሰን አልፎ በመጀመሪያ የሚገኘው ክሬሰንት ሲቲ የተባለው ከተማ፣ በመጋቢት ወር 1964 በአላስካ የተነሣው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ባስነሣው ማዕበል በእኩለ ሌሊት ተመትቶ፣ መካከለኛው ክፍሉ ፈርሶ 11 ሰዎች ሞተዋል። ባሕር በሥዕል ሲታይ የሚያማምርና የሚያጫውት ብቻ ነው፤ በዳሩ የሚኖሩት ግን ማምለጫ መንገዳቸውን ለይተው ይተኛሉ።

ከዚያ ከተማ ጥቂት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ስሚዝ በተባለው ጥሩ ውኃ ዳር፣ ጀዲዳያ ስሚዝ የሚባለው ፓርክ ይገኛል፤ የሬድዉድ ዛፎች መንግሥት የሚጀምረውም ከዚሁ ነው። ስለ ቁመታቸው መናገር አንባቢን ከማድከም በቀር አይጠቅምም፤ ከመቶ ሜትር በላይ ነው ቢሉት ቁጥር ብቻ ይሆንበታል። የሚረዳው በግንዱ ሥር ሲቆም ነው፤ ያን ጊዜ ቀና ብሎ ለማየት ባርኔጣውን በእጁ መያዝ አለበት። ከነዚህ ዛፎች ሁለት ሺህ ዓመት ያለፋቸው አሉ፤ ጌታ በቤተ ልሔም ሲወለድ የበቀሉ ናቸው ማለት ነው። በበጋው ዝናብ ስለሌለ፣ ከውቅያኖሱ የሚወጣውን ጉም በቅጠላቸው እየያዙ ወደ ሥራቸው ያንጠባጥባሉ፤ የዓመት ውኃቸው ሲሶ ያህል የሚገኘውም ከዚህ ጉም ነው። ስለዚህ ባሕሩን ትቶ ደኑን፣ ደኑን ትቶ ባሕሩን ማየት አይቻልም።

እማማ ከመኪናው ወርደው፣ አንድ ጊዜ ወደ ላይ፣ አንድ ጊዜ በዛፎቹ መካከል ወደ ውስጥ ከተመለከቱ በኋላ፣ ጫማቸውን ለማውለቅ ጐንበስ እያሉ «ታቦቱ የማን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ይህ ጥያቄ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ የተወለዱበትን ደቡብ ጎንደርን ማየት ያስፈልጋል። በዚያ አገር ተራራውና ሜዳው ሁሉ ታርሶና ተግጦ ባለቀበት፣ ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ዋንዛ የቀሩት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ነው፤ ከሰማይ ሆኖ ለሚመለከት ሰው በቡናማ እርሻ መካከል ክብ ክብ ሆነው የተበታተኑ አረንጓዴ ደሴቶች ናቸው፣ በያንዳንዱም መካከል የቤተ መቅደሱ ክዳን ይታያል። እንግዲህ እማማ በሕይወታቸው ሙሉ ትልቅ ዛፍ ባዩበት ሁሉ ታቦት አይተዋልና፣ ከነዚህ የሚበልጥ ዛፍ ባዩ ጊዜ ከነዚያ የሚበልጥ ታቦት መፈለጋቸው የቀና አስተሳሰብ ነው። ታቦት እንደሌለ ነገርኋቸው። «ታዲያ ማን አስጠበቀው?» አሉ።

መልሱ ረጅም ነው፤ ሁሉም የሚያኮራ አይደለም። ወርቅ ፍለጋ የጎረፈው ሕዝብ ከ1850 ወዲህ መጥረቢያውን ይዞ ወደነዚህ ደኖች ገባ፤ ከጥንቱ የሬድዉድ ደን ዛሬ የቀረው ከመቶ አምስት እጅ ያህል ነው። በ1918 ጥቂት ሰዎች ሬድዉድን የማዳን ማኅበር አቋቁመው፣ ገንዘብ እያዋጡ ከእንጨት ነጋዴዎች እጅ ደኑን በቁራጭ በቁራጭ ይገዙ ጀመር፤ የካሊፎርኒያ ግዛትም እኩሌታውን እየከፈለ ፓርኮቹን አቆመ፤ የፌዴራሉ መንግሥት ብሔራዊ ፓርኩን ያቋቋመው እስከ 1968 ድረስ ዘግይቶ ነው፤ በ1978 ደግሞ ከላይ ባለው ዳገት የሚቆረጠው ደን አፈሩን ወደ ታች እያወረደ የተጠበቁትን ዛፎች ስላሰጋቸው ወሰኑን አሰፋው። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ባለቤቶች ነበሩ፤ ዩሮክና ቶሎዋ የተባሉት ነገዶች ከነዚህ ዛፎች ጋር ብዙ ዘመን ኖረው ርስታቸው በግፍ ተወስዶባቸዋል፤ ዩሮኮች የሚኖሩበት የክላማዝ ወንዝ ለብዙ ዘመን ታግዶ ሳልመን የተባለው ዓሣ ወደ ላይ መውጣት ተስኖት ኖሮ፣ አራት ግድቦች እስከ 2024 ድረስ ፈርሰው በዚያው ዓመት ዓሣው ወደ ጥንት ስፍራው ተመልሷል። የተጠበቀ ነገር ሁሉ በጻድቃን እጅ ተጠበቀ ማለት አይደለም።

በመጨረሻም እማማን ደስ ያሰኛቸው አንድ ነገር ነበር። በ2006 የተገኘውና በዓለም ካሉት ዛፎች ሁሉ የሚረዝመው፣ 115 ሜትር የሚያልፈው ሃይፐሪየን የተባለው ሬድዉድ በብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ቢኖርም፣ ጐብኚዎች እየረገጡ ሥሩን ስለ ጎዱት፣ የፓርኩ ሹማምንት ከ2022 ጀምሮ ወደ ስፍራው መቅረብን በገንዘብና በእስራት የሚያስቀጣ አድርገውታል። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው በራ። «እህ! ይኸውልህ፤ ታቦቱስ መች ይታያል?» አሉ።

በድንኳኑ ሰፈር የሚበላ ነገር ሁሉ የሚቆለፍበት የብረት ሣጥን አለ፤ እኔ ለድብ ብቻ መስሎኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ እማማ ቡና ቆልተው፣ ፈንድሻ አሰናድተው፣ ጥቂቱም በሣሩ ላይ ፈስሶ ሳለ፣ የፓርኩ ጠባቂ የሆነች ወጣት መጥታ በትሕትና አንድ ፍርፋሪ እንኳ እንዳይቀር ለመነችን። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሙረሌት የተባለች ትንሽ የባሕር ወፍ ምግቧን ከውቅያኖስ እየለቀመች፣ እንቁላሏን ግን፣ እርሱም አንድ ብቻ ነው፣ ከባሕር ርቃ በነዚህ አሮጌ ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ፣ በዛፍ ሽበት መካከል ትጥላለች፤ ጎጆዋ በዚህ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው በ1974 ነው። ቁራና መሰሎቹ የሰውን ፍርፋሪ ፍለጋ ሲሰበሰቡ ያችን አንዲት እንቁላል ያገኙና ይበሏታል። ባለቤቴ ይህን ለእናቷ ብትተረጕምላቸው፣ እማማ ቡናውን አቁመው፣ ተንበርክከው ፈንድሻውን አንድ በአንድ ለቀሙት።

የቡሄ ዋዜማ የደረሰብን በዚሁ ስፍራ ነው። ደብረ ታቦር የተወለደ ሰው ቡሄን በዝምታ አያሳልፍም። በደረቅ ደን ውስጥ ችቦ ማብራት የማይታሰብ ስለ ሆነ፣ በብረት ቀለበት በታጠረው ምድጃ የምትነደው እሳት በቂ ናት ተባለ፤ እማማ ከላይና ከታች ፍም በተደረገበት የብረት ድስት ሙልሙል ጋገሩ፤ ታናሹ ልጄ ከድንኳኑ አውታር በተረፈው ገመድ ጅራፍ ሠራ፤ ከእኅቱም ጋር በየጎረቤቱ ድንኳን እየዞሩ፣ እርሱ እያወረደ እርሷ እየተቀበለች፣ ሆያ ሆዬ ጨፈሩ። ነጮቹ ጎረቤቶቻችን አንድ ቃል ሳይገባቸው ነገሩ የሚሰጥበት መሆኑን ወዲያው ተረዱ፤ አንዱ ሳንቲም፣ አንዱ ፖም፣ አንዱም የእጅ ባትሪ ሰጣቸው። ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲሆን የጸጥታ ሰዓት ነውና ጅራፉ ተሰበሰበ።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ፣ በግዙፋን ዛፎች መካከል ወደ 50 ኪሎ ሜትር የሚሄደውንም ጎዳና ጭምር፣ ብዙ ሳንቆም አለፍነው፤ ድንኳኑ ረጥቧል፣ ልጆቹም ደክመዋል። በኦክላንድ የሚኖሩ ዘመዶቻችን ለፍልሰታ መፍቻ ዶሮ ሠርተው ጠበቁን።

ስለ ቤተ ክርስቲያን ደንና ስለ ሕዝብ ፓርክ ሳስብ፣ የኛው በእግዚአብሔር ፍርሃት፣ የነርሱ በሕግና በገንዘብ መጠበቁን አያለሁ፤ ፍርሃት ያለ ዘበኛ ይሠራል፣ ሕግ ግን በየምርጫው ዘመን እንደ ገና የሚሟገትለት ሰው ይሻል። ስለዚህም በዚህ አገር ግብር የምንከፍል ሁሉ፣ እነዚህን ስፍራዎች የሰው ንብረት አድርገን ከሩቅ ማየታችንን መተው አለብን፤ ባለ መብቱ የማይረግጠው የወል መሬት ጠበቃ የለውም። በጉዟችን ሁሉ ከኛ በቀር አንድም የሐበሻ ቤተሰብ በድንኳን ሲያድር አላየንም። በነሐሴ ለመሄድ የሚሻ ሰው በየካቲት ይመዝገብ፤ የኦሬጎንም የካሊፎርኒያም የግዛት ፓርኮች የድንኳን ቦታ የሚያከራዩት ከስድስት ወር በፊት ጀምረው ነው፤ ያማሩትም ቦታዎች ቶሎ ያልቃሉ።